ባለቤቴ ሆስፒታል ሳይተኛ መጠጥ ማቆም ይችላል?

በዚህ ዕትም የጤና ዓምዳችን መልስ የምንሰጥባቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከመጠጥና ከሌሎች ሱሶች መላቀቅን የሚመለከቱ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ማወቅ የፈለጉት፣ ሰው ሆስፒታል ሳይተኛ እየተመላለሰ በመታከም ብቻ ሰውነቱን ከሱስ ማላቀቅ ይችል እንደሆነ ነው። የጠያቂዎቹን ማንነት ሊገልጡ የሚችሉ ዝርዝሮችን አውጥተናል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አርባ ዓመት አልፎታል። አረቄ መጠጣት ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆነው። ቀድሞ ከሥራ በኋላ ነበር የሚጠጣው፤ አሁን ግን ጠዋት አንድ ሁለት መለኪያ ካልቀመሰ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳን መቆለፍ ያቅተዋል። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ያቆማል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያገኝም። ከዚያ ይሻለዋል፤ ጾሙን ጨርሶ ግን በፋሲካ ይጀምራል። ዘንድሮ ሲያቆም ከወትሮው እጅግ ባሰበት። ውኃ የያዘበትን ብርጭቆ መያዝ ተሳነው፣ ልቡ በኃይል ይመታ ነበር፤ ደንግጬ በሌሊት ራሴ አረቄ አስገዝቼ ሰጠሁት። አሁን በራሱ ፈቃድ «ልተው» ብሏል። ሆኖም በመሥሪያ ቤቱ እንዳይሰማበት ስለሚፈራ ሆስፒታል መተኛት አይፈልግም። ቤት ሆኖ መታከም ይችላል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ፣ በዚያ ሌሊት አረቄ በመስጠትዎ ራስዎን አይውቀሱ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚመጣው ሕመም ሕይወት እስከ መቅጠፍ ሊደርስ ይችላል፤ ሐኪምም መድኃኒትም በአጠገብዎ ባልነበረበት ሰዓት ያደረጉት ነገር ባለቤትዎን ከከፋ አደጋ ጠብቆ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ይህን አያውቅም። መጠጥ እንደሚገድል ሁሉም ይናገራል፤ በአንድ ቀን ማቆምም ሊገድል እንደሚችል የሚነግረን ግን ጥቂት ነው።

ምክንያቱ አንጎል ውስጥ ነው። አልኮል ጋባ የተባለውን የሚያረጋጋ ኬሚካል ሥራ ያጠናክራል፣ ግሉታሜት የተባለውን የሚያነቃቃ ኬሚካል ደግሞ ያዳክማል። ይህ ጫና ዓመት ከዓመት ሲቀጥል አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል የሚያነቃቃውን ወገን እያበረታ ይሄዳል። ከውጭ የሚገፋበትን በር ከውስጥ ሆኖ በሙሉ ኃይሉ የሚገፋ ሰው፣ የውጭው ሰው ድንገት ሲለቅ ወደፊት ተወርውሮ እንደሚወድቅ ሁሉ፣ አልኮሉ በአንድ ጊዜ ሲቀር አንጎልም ከልክ በላይ ይነቃቃል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የልብ ምቱና ማስመለሱ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ። ወድቆ መንፈራገጥ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ 48 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ሊከተል የሚችለው ሲሆን፣ ሰውየው ቀኑና ያለበት ቦታ ይጠፋበታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳቱና የደም ግፊቱ ይነሣል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚሉት ይህንን ነው፤ ካልታከመ ሊገድል ይችላል።

ባለቤትዎ በየዓመቱ ሲያቆሙ ሕመሙ እየባሰ መምጣቱ አጋጣሚ አይደለም። ማቆምና መጀመር በተደጋገመ ቁጥር አንጎል ይበልጥ ስለሚቆጣ የሚቀጥለው ማቆም እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ የጾሙን በረከት የሚያህል መልካም ምክንያት ቢኖርም፣ በሚመጣው ጾም እንደለመዱት ብቻቸውን በአንድ ቀን እንዲያቆሙ አልመክርም። ለሕመምተኛ የጾም ሥርዓት እንደሚላላ የንስሐ አባታቸው ስለሚያውቁ፣ መድኃኒቱንና ምግቡን በሰዓቱ ስለመውሰድ አስቀድመው ቢያማክሯቸው መልካም ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። በጻፉልን መሠረት ባለቤትዎ ወድቀው ተንፈራግጠው አያውቁም፣ ራሳቸውን ስተው አልቃዡም፣ አብሯቸው የሚኖር የማይጠጣ አዋቂ ሰው አለ፣ ፈቃዱም የራሳቸው ነው። ምርመራው ይህንኑ ካረጋገጠ እየተመላለሱ መታከም ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ለዚህ የቆየ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በወጣ ጥናት፣ ቀላልና መካከለኛ ሕመም የነበራቸው 164 የቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮች በፊላደልፊያ ገሚሶቹ ተኝተው፣ ገሚሶቹ እየተመላለሱ ታክመዋል። ከተኙት 95 በመቶ፣ ከተመላላሾቹ 72 በመቶ ሕክምናውን ጨርሰዋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ተመላላሽ ሕክምና ለአደጋ ያላጋለጠ ከመሆኑም በላይ ወጪው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነበር። ከቁጥሮቹ እኔ አጥብቄ የምይዘው ግን ያቋረጡትን ነው፤ ቤት ያለ ሰው መጠጥ ቤቱም በደጁ ስላለ፣ የርስዎ እገዛ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ሕክምናው እንዲህ ይሄዳል። ባለቤትዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ ሐኪሙ የመጠጡን መጠንና ዘመን፣ የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት፣ የጉበታቸውንና የልባቸውን ሁኔታ ይጠይቃል፣ ደማቸውንም ያስመረምራል። የሚጠጡትን መጠን ሳይቀንሱ መናገር አለባቸው፤ ዳግም አረቄ የአልኮል ይዘቱ ከ40 በመቶ ሊበልጥ ስለሚችል «ትንሽ ነው የምቀምሰው» የሚለው አነጋገር ሐኪሙን ያሳስተዋል። ቀጥሎ የሕመሙ ክብደት ይለካል። ሐኪሙ ሁለቱን ክንዶች ወደፊት አስዘርግቶ፣ ጣቶቹን አስለያይቶ መንቀጥቀጡን ያያል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ መኖሩን ይመለከታል፤ «ቆዳዎ ላይ ነፍሳት የሚሄድ ይመስልዎታል? መብራቱ ዓይንዎን ይወጋዎታል? ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» እያለ ይጠይቃል። በብዙ አገሮች በሥራ ላይ ያለው መለኪያ ዐሥር እንደዚህ ያሉ ነጥቦችን ይዞ እስከ 67 ይቆጥራል። ከ10 በታች ቀላል፣ እስከ 18 መካከለኛ፣ 19 እና ከዚያ በላይ ከባድ ተብሎ ይያዛል፤ ከባድ የሆነበት ሰው ወደ ቤቱ አይላክም።

ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ዳያዜፓም ወይም ክሎርዳያዜፖክሳይድ የሚባል አንጎልን የሚያረጋጋ ክኒን ነው። መጠኑ በመጀመሪያው ቀን ከፍ ብሎ ይጀምርና በየቀኑ እየተቀነሰ በአምስት ወይም በሰባት ቀን ውስጥ ያበቃል። ባለቤትዎ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት በየቀኑ ጤና ተቋሙ ዘንድ መታየት አለባቸው፤ የሚሰጣቸውም የአንድ ወይም የሁለት ቀን መድኃኒት ብቻ ቢሆን ይመረጣል። ክኒኑን የሚይዙት እርስዎ ይሁኑ። እግረ መንገዳቸውን ጠጥተው ከመጡ ክኒኑን ሳይሰጡ ለሐኪሙ ይደውሉ፤ ዳያዜፓምና አረቄ በአንድነት ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉና። ክኒኑን ከጎረቤት ተቀብሎ ወይም ያለ ማዘዣ ገዝቶ በራስ ግምት መጀመር ስለ ሌላ ሱስ ከሚነሣው ሥጋት ሁሉ በፊት በዚህ ምክንያት አደገኛ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር በደንብ እንዲያስተውሉ እለምናለሁ። በከተማችን በመጠጥ የደከመ ሰው ሲገኝ ቶሎ ብሎ ክሊኒክ ወስዶ «ጉሉኮስ ይደረግለት» ማለት ልማድ ሆኗል። ለዓመታት የጠጣና በቅጡ ያልበላ ሰው ግን በሰውነቱ ያለው ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1 ተሟጥጦ ሊሆን ይችላል። ታያሚን ሳይሰጥ ጉሉኮስ ቢገባ የቀረችው ጥቂት ታያሚን ተቃጥላ አንጎል ሊጎዳ ይችላል፤ ዓይን ይዋዥቃል፣ እርምጃ ይንገዳገዳል፣ አእምሮ ይደነጋገራል፤ ቶሎ ካልታከመም የማስታወስ ችሎታ ላይመለስ ይጠፋል። መድኃኒቱ ርካሽና ቀላል ነው። ክሊኒክ ከሄዱ «ታያሚን ተሰጥቶታል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ መጠየቅ መብትዎ ነው።

በቤት ውስጥ ያለው ሥራ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ጠላውንም ቢራውንም ጨምሮ መጠጥ የሚባል በቤት አይኑር። ክፍሉ ጸጥ ያለና መብራት ያለው ይሁን፤ ጨለማ ለቅዠት ያመቻል። ውኃ፣ ሾርባና አጥሚት ቶሎ ቶሎ ይስጧቸው፣ ቡናውን ቀነስ ያድርጉላቸው። መኪና እንዳይነዱ። ጠያቂ ዘመድ በሳምንቱ ውስጥ ባይበዛ ይመረጣል። ከተንፈራገጡ፣ ቀንና ቦታ ከጠፋባቸው፣ ትኩሳት ከያዛቸው፣ ክኒኑን እያስመለሱ ማስቀረት ካቃታቸው ወይም ደም ካስመለሱ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

በመሥሪያ ቤት እንዳይሰማ የሚለውን ሥጋት እረዳዋለሁ። ተመላላሽ ሕክምና አንድ ሳምንት ያህል የዓመት ፈቃድ ይበቃዋል፤ ሐኪም ደግሞ የታካሚውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው በአቅራቢያዎ የሚገኝ ሌላ ሆስፒታል መጀመር ይችላሉ። ነገር ግን ሳምንቱ ሲያልቅ ሱሱ አልቋል ማለት አይደለም። ባለቤትዎ ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾመው በፋሲካ የተመለሱት ሰውነታቸው አልኮል ፈልጎ አይደለም፤ ሰውነታቸውማ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ተላቅቆ ነበር። የቀረው የአእምሮ ልማዱ፣ የጓደኛው ጥሪና የደመወዝ ቀኑ ነው። ስለዚህ ለቀጣዮቹ ወራት የምክር አገልግሎት ቀጠሮ ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት ቢያዝ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ መጠጥ ስለበዛበት ቤተሰብ መክረን ጠበል ወሰድነው። በሁለተኛው ቀን ሲጠመቅ ወድቆ ተንፈራገጠ፣ አረፋ ደፈቀ። እዚያ የነበሩ ሰዎች «ክፉ መንፈስ ነው፣ ሊለቀው ነው» አሉን፤ ክብሪትም አሸተቱት። ደህና ሆኖ ተመለሰ፣ አሁን ግን እንደገና ጀምሯል። የሆነበት ምንድን ነው? እየተመላለሰ ቢታከምስ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ስለ መንፈስ ጉዳይ የምፈርድ ሰው አይደለሁም። የጻፉልኝ ነገር ግን ከሰዓቱ ጀምሮ እስከ ሁኔታው አልኮል በድንገት ሲቋረጥ ከሚመጣው መንፈራገጥ ጋር ይገጥማል፤ ወንድምዎ ጠበል የገባ ዕለት መጠጡን አቁሟል፣ ምናልባት በባዶ ሆድ ውሏል፣ በብርድም ተጠምቋል፣ መውደቁም በሁለተኛው ቀን ነው። በጠበሉ ቦታ ከሌሎች ታማሚዎች ጋር በጸሎት መቆየቱ ከመጠጥ አካባቢ ስለሚያርቀው ጥቅሙን አልክድም። የምለምነው ጠበሉና ሕክምናው እንዳይጣሉ ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል፤ ለመጠጥ ሕሙማንም ይኸው መንገድ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ በሐኪም እጅ ከአልኮል ይላቀቅ፣ ከዚያ በሰላም ጠበሉን ይቀጥል።

እየተመላለሰ ይታከም ለሚለው መልሴ አይሆንም ነው። አንድ ጊዜ የተንፈራገጠ ሰው በሚቀጥለው ማቆም ላይ የመንፈራገጥም የመቃዠትም ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ተኝቶ መታከም አለበት። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ጉበቱ ወይም ልቡ በጣም የታመመ፣ ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ፣ ብቻውን የሚኖር ወይም ከሆስፒታል ርቆ የሚኖር ሰውም እንዲሁ ነው። እስከዚያው ወንድምዎን «ዛሬውኑ ተው» ብላችሁ አታስጨንቁት፤ ቀጠሮው እስኪደርስ የሚጠጣው ባለበት መጠን እንዳይጨምር ማድረግ ይበቃል።

ወደፊት በፊታችሁ ቢወድቅ ደግሞ ክብሪቱም ሽንኩርቱም ይቅር። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ፣ ሰዓት ያዙ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ከተደገመ በፍጥነት ሆስፒታል ይድረስ፤ ባይደገምም እንኳን በዚያው ዕለት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ጥያቄ፦ በየቀኑ እቅማለሁ፤ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ለጨብሲ ሦስት አራት ቢራ እጠጣለሁ። ሁለቱንም ላቁም ብል መድኃኒት ያስፈልገኛል?
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ጫት ሲቆም ድካም፣ እንቅልፍ መብዛት፣ መደበትና መጥፎ ሕልም ይመጣሉ፤ ያስቸግራሉ እንጂ እንደ አልኮል ለሕይወት አያሰጉም፤ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይለቃሉ። መደበቱ ራስህን ስለ መጉዳት እስከ ማሰብ ካደረሰህ ግን ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂድ። ጠዋት እጅህ የማይንቀጠቀጥ ከሆነና ሳትጠጣ የዋልክባቸው ቀናት ያለ ሕመም ካለፉ ቢራውን ያለ መድኃኒት መተው ትችላለህ። ቢራውን የሚጠራው ጫቱ ስለሆነ መጀመሪያ ጫቱን ብትተው ይሻላል። ምርቃናውን ለመስበር የእንቅልፍ ክኒን የምትወስድ ከሆነ ግን እሱን በራስህ በአንድ ቀን አታቁም፤ የእነዚህ ክኒኖች ድንገተኛ መቋረጥም ያንፈራግጣል፣ በሐኪም ክትትል ለሳምንታት ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

ጥያቄ፦ የ23 ዓመት ልጃችን ፌንታኒል ያለበት ክኒን እንደሚወስድ ደረስንበት። አባቱ «አገር ቤት ወስደን ዘመድ ዘንድ ስድስት ወር ይቆይ፣ ይለቀዋል» ይላል። እዚህ ያለው ክሊኒክ ደግሞ ሳይተኛ ቡፕረኖርፊን በሚባል መድኃኒት እናክመዋለን ብሎናል። ሱስን በሱስ መተካት አይሆንም?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ የአባቱ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ብዙ ወገኖቻችንም ያደረጉት ነው። ሆኖም ለእንዲህ ዓይነቱ ሱስ እጅግ የምፈራው መንገድ ይኸው ነው። ከፌንታኒልና ከሌሎች ኦፒዮዶች (እንደ ሞርፊን ካሉ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች) መላቀቅ እንደ አልኮል ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ ሰውነትን ይቆረጥማል፣ ያስቀምጣል፣ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ከዚያ ያልፋል። ሞት የሚመጣው በኋላ ነው። ሰውነት ለስድስት ወር ከራቀ በኋላ መጠኑን የመቻል አቅሙን ያጣል፤ ልጁ ተመልሶ ቀድሞ የለመደውን ያህል አንድ ቀን ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ለኦፒዮድ ሱስ ሰውነትን ማላቀቅ ብቻውን እንደ ሕክምና አይቆጠርም።

ቡፕረኖርፊን ራሱ ኦፒዮድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አንጎል ላይ ያለውን ቦታ በከፊል ብቻ እያነቃቃ አጥብቆ ስለሚይዘው ሕመሙንና አምሮቱን ያስታግሣል፣ ከተወሰነ መጠን በላይም ትንፋሽ የማፈን ኃይሉ አይጨምርም። በትክክል የሚወስድ ሰው ይማራል፣ ይሠራል፣ ልጅ ያሳድጋል። ከሕክምናው ውጭ ካሉት ጋር ሲነጻጸር የመሞት ዕድሉ በእጅጉ እንደሚቀንስ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። ለደም ግፊት በየቀኑ ክኒን የሚውጥን ሰው ሱሰኛ እንደማንል ሁሉ ልጅዎንም እንዲህ አይጥሩት። የመጀመሪያዋ ክኒን ግን የምትሰጠው ሕመሙ በግልጽ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ቀድማ ከተወሰደች ሕመሙን በአንድ ጊዜ ታመጣዋለች፤ ስለዚህ የክሊኒኩን ሰዓት በጥንቃቄ ይከተል። ቀድሞ ሐኪሞች ይህን ለማዘዝ ልዩ ፈቃድ ይጠየቁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ያ ቀርቷል፣ የቤተሰብ ሐኪሙም ሊያዝለት ይችላል።

ልጅዎ አዋቂ ስለሆነ ያለ ፈቃዱ ክሊኒኩ ስለ ሱስ ሕክምናው እንዳይነግራችሁ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል፤ በዚህ ክሊኒኩን አትቀየሙ፣ ልጁ ራሱ የፈቃድ ወረቀት እንዲፈርም ጠይቁት። የአማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁም የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አገር ቤት መሄዱ የግድ ከሆነ መድኃኒቱ እዚያ ሳይቋረጥ የሚቀጥልበት መንገድ መኖሩ አስቀድሞ ይረጋገጥ፤ ካልሆነ ጉዞው ይቆይ። ዛሬ ልታደርጉት የምትችሉት ደግሞ አለ፦ ናርካን የሚባለውን በአፍንጫ የሚረጭ ናሎክሶን፣ ማለትም የኦፒዮድን ኃይል የሚያከሽፍ መድኃኒት፣ ከፋርማሲ ግዙ፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ልጁ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ትንፋሹ አጥሮ ካገኛችሁት አንድ ጊዜ ርጩለት፣ 911 ደውሉ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ካልነቃ ሁለተኛውን ርጩ። ቢነቃም አምቡላንሱን አትመልሱ፤ የናሎክሶን ኃይል ከፌንታኒሉ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ መጠጥ የሚያስጠላ ክኒን አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ለባለቤቴ ሳይነገረው ወጡ ውስጥ ባደርግለትስ?
ከሐዋሳ

መልስ፦ እባክዎ ይህን አያድርጉ። የሰሙት ዳይሰልፊራም ሳይሆን አይቀርም። የሚወስደው ሰው አልኮል ከቀመሰ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ልቡ ደካማ ከሆነ ሊሞትም ይችላል። ክኒኑን ካቆመም በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ይህ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ የሚሰጠው አውቆ ለፈቀደ፣ ጉበቱና ልቡ ለተመረመረ፣ ቢያንስ ለ12 ሰዓት ላልጠጣ ሰው ብቻ ነው። ባለቤትዎ ፈቅደው ከወሰዱት፣ እርስዎም በየጠዋቱ ሲውጡ ካዩ፣ ብዙ ሰው የረዳ መድኃኒት ነው። ፈቃደኛ ካልሆኑ ወይም ጉበታቸውና ልባቸው ይህን የማይፈቅዱ ከሆነ፣ የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሱ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት የተባሉ ሌሎች መድኃኒቶች ስላሉ ከሐኪም ጋር አብረው ይነጋገሩበት። ባለቤትዎ ሐኪም ቤት ለመሄድ ገና እሺ ካላሉ እርስዎ ብቻዎን ሄደው ያማክሩ፤ የታማሚ ቤተሰብ ለብቻው መጥቶ ምክር መቀበል የተለመደ ነው።